ንፋሱን ሲግል ለኪው

ቆይ ሚጣዬ፣ ኮምፕረሰሩን ገና አትሰኪው። መጀመሪያ ጌጁን አምጪና እዚህ ጎማው አጠገብ ቁጭ በይ። ነገ የመጀመሪያ የትራክ ቀንሽ ነው፤ ሐሳብሽ ሁሉ ሄልሜቱ ላይ፣ የት ፍሬን እንደምትይዢና የት ነዳጅ እንደምትሰጪ ላይ እንደሆነ ይገባኛል። እሱን አስተማሪሽ አጠገብሽ ተቀምጦ ያሳይሻል። ስለ ጎማ ንፋስ ግን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳሽ ሰው አታገኚም። ሁሉም አንድ ቁጥር ጣል አድርጎልሽ ነው የሚያልፈው፤ አንዱ «32 አድርጊው» ይልሻል፣ ሌላው «እኔ ሁሌ በ28 ነው የምጀምረው» ይልሻል። የሰው ወርቅ አያደምቅ። የእሱ መኪና ሌላ፣ ጎማው ሌላ፣ አነዳዱም ሌላ ነው። እኔ ነገ ሥራ ስላለብኝ አብሬሽ አልሄድም፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ የማውቀውን ልንገርሽና ነገ ራስሽ አድርጊው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ፦ ጠዋት የምትሞዪው ቁጥር መነሻ ነው እንጂ ግብ አይደለም። መኪናውን ማዞሪያ ላይ ይዞ የሚያቆየው ጎማው ከጋለ በኋላ ያለው ግፊት ነው። ስለዚህ ትኩሱ ጎማ ስንት እንዲሆን እንደምትፈልጊ መጀመሪያ ትወስኛለሽ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰሽ የጠዋቱን ታገኛለሽ። ብዙ ሰው የሚደናገረው ይህን ገልብጦ ስለሚጀምር ነው።

ጎማ የሚግለው ከአስፋልት ጋር ስለሚፋተግ ብቻ አይደለም። በዞረ ቁጥር መሬት የነካው ክፍል ይጎብጣል፣ ሲለቅ ይቃናል፤ ላስቲኩ በዚህ መጉበጥና መቃናት ራሱ ሙቀት ያመነጫል። በዚያ ላይ የፍሬኑ ሙቀት በቸርኬው በኩል ይገባል። ውስጥ የታሰረው አየር ሲሞቅ መሄጃ ስለሌለው ግፊቱ ይጨምራል። በግምት በየ10 ዲግሪ ፋራናይት፣ በሴልሺየስ ሲሆን በየ5 ተኩሉ፣ አንድ ፒኤስአይ፣ ማለትም ጌጁ ላይ አንድ ቁጥር፣ ይጨምራል ብለሽ አስቢ። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 32 ያነበበ ጎማ ውስጡ 65 ዲግሪ ሲደርስ 39 ገደማ ያነባል። በከተማ መንዳት ይህን ያህል አይግልም፤ ትራክ ላይ ግን 6 ወይም 7 መጨመሩ የተለመደ ነው።

ሒሳቡን ራስሽ መሥራት ከፈለግሽ አንድ ነገር አትርሺ። ጌጅ የሚያነብልሽ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን በሙቀቱ ለውጥ ልክ ከማባዛትሽ በፊት የውጭውን 14.7 ትደምሪያለሽ፣ መጨረሻ ላይ ትቀንሽዋለሽ። ይህ 14.7 እንኳ የባሕር ወለል ቁጥር ነው፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት 11 ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ እዚህ ቨርጂኒያ ተሞልቶ የታሸገ ጎማ እዚያ ቢደርስ ንፋስ ሳይጨመርበት ጌጁ ከ3 በላይ አስበልጦ ያነብ ነበር። ነገ አያስፈልግሽም፤ ጌጁ ምን እንደሚለካ እንዲገባሽ ብዬ ነው።

ትኩሱ ስንት ይሁን? ለመንገድ የተሠራ ጥሩ የስፖርት ጎማ ለለበሰ፣ ክብደቱ እንዳንቺ ሲቪክ ለሆነ መኪና፣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ34 እስከ 38 ባለው መሃል ይጀምራል። አንቺ 36ን ያዢ። የጎማሽ አምራች ለትራክ ያወጣው መመሪያ ካለ ግን ከእኔ ይልቅ እሱን ስሚ። ቁጥሩ ሲበዛ የጎማው መሃል ያብጥና መሬት የሚነካው ስፋት ይጠባል፤ መኪናው ቅባት ላይ እንደሚሄድ ይንሸራተትብሻል፣ በተለይ ከሦስተኛና አራተኛ ዙር በኋላ። ሲያንስ ደግሞ የጎማው ጎን ይታጠፋል፤ መሪውን ታዞሪያለሽ፣ መኪናው ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚከተልሽ፤ የጎማው ትከሻ ይበላል፣ ውስጡ ያለው ክርም ያለ መጠን ይግላል። ከሁለቱ የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። መብዛቱን ራሱ መኪናው ይነግርሻል፣ ቀስ ስትዪም ይተውሻል። ማነሱ ግን ጎማውን ከውስጥ ነው የሚጎዳው፤ አይታይሽም። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ውረጂ የምልሽ። ከፍ ካለ ቁጥር ጀምረሽ እያስተነፈስሽ ውረጂ እንጂ ዝቅ ካለ ጀምረሽ ይሞቅልኛል ብለሽ አትጠብቂ።

አሁን የሹፌሩን በር ክፈቺና ምሰሶው ላይ ያለውን ተለጣፊ እዪ። 35 ይላል። ይህ የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው፤ ቀዝቃዛ የሚባለውም መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ቆሞ ሲቆይ ነው። ትራኩ ያለበት ሰሚት ፖይንት ለመድረስ ከዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሀይዌይ ስለምትነጂ በ35 ሂጂ። እንደደረስሽ ወዲያው ለክተሽ «ኧረ 39 ሆኗል» ብለሽ አታስተንፍሺ፤ እሱ የመንገዱ ሙቀት ነው። እስክትመዘገቢ፣ መኪናው እስኪፈተሽ፣ የነጂዎች ስብሰባ እስኪያልቅ ይቀዘቅዛል። ያኔ አራቱንም ወደ 32 አውርጂ፤ ለመጀመሪያ ቀን ከዚያ በታች አትጀምሪ። ከቻልሽ መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሚው። አንዱ ጎኑ ፀሐይ ላይ ከሆነ የዚያ ጎን ሁለት ጎማዎች ከፍ አድርገው ያነቡና ሳትፈልጊ አራቱን ታዘበራርቂያቸዋለሽ።

ጌጁን በተመለከተ፣ ከነዳጅ ማደያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለውን አትመኚ። አንድ ጥሩ ጌጅ ይኑርሽና እሱኑ ብቻ ተጠቀሚ። በአንድ ፒኤስአይ ቢሳሳት እንኳ ሁሌ በዚያው ልክ ስለሚሳሳት የጻፍሽው ቁጥር ለሚቀጥለው ጊዜ ያገለግልሻል። የሰው ጌጅ እየተዋስሽ ከለካሽ ግን ጎማው ይሁን ጌጁ የተለወጠው በምን ታውቂያለሽ? አገር ቤት ጎሚስታው ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ «በቂ ነው» ይላል፤ ለሰፈር መንገድ ይሁን፣ ነገ ግን የአንድ ፒኤስአይ ልዩነት መሪው ላይ ይሰማሻል።

መጀመሪያ ዙር ላይ አደራሽን ተረጋጊ። ባልጋለ ምጣድ ላይ ሊጥ አይፈስም፤ ጎማም እንደዚያው ነው። ያንቺ መኪና ደግሞ በፊት እግሩ ነው የሚጎተተው። የሚጎትቱት፣ የሚዞሩት፣ ፍሬኑን አብዝተው የሚሸከሙት የፊት ጎማዎች ስለሆኑ ቶሎ ይግላሉ። የኋላዎቹ ዝም ብለው ተከታይ ናቸው፤ ፊቱ ግሎ መንገዱን ሲጨብጥ ኋላው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ዙር ሁለት ዙር ሊቆይ ይችላል። በዚህ ሰዓት ማዞሪያ መሃል ደንግጠሽ ነዳጁን ባንዴ ከለቀቅሽ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ኋላው ይከዳሻል። ስለዚህ ሁለቱን ዙር ለማሞቂያ ስጪያቸው፤ እግርሽን ከነዳጅ ስታነሺም ቀስ እያልሽ ይሁን።

ሰሚት ፖይንት ዋናው ትራክ 2 ማይል ርዝመትና 10 ማዞሪያ አለው፤ የሚነዳውም በሰዓት አቅጣጫ ስለሆነ ቀኝ ማዞሪያው ይበዛል። ወደ ቀኝ ስትዞሪ የመኪናው ክብደት ወደ ግራ ይወድቃል፤ ረጅሙ ቀጥታ ሲያልቅ ደግሞ አንደኛው ማዞሪያ ላይ ጠንከር አድርገሽ ፍሬን ትይዣለሽ። ይህ ሁሉ ሲደመር አብዛኛው ሥራ የሚወድቀው በግራው የፊት ጎማ ላይ ነው። ከሁሉም በላይ የሚግለውም እሱ ነው፣ መጀመሪያ የምትለኪውም እሱን ነው።

ስትወጪ እንዲህ አድርጊ። የመጨረሻው ዙር ማቀዝቀዣ ነው፤ ፍሬኑን ቀለል አድርገሽ ተጠቅመሽ ግቢ። ቦታሽ ስትደርሺ የእጅ ፍሬን አትያዢ፤ ማርሽ ውስጥ አስገቢና ጎማ ስር ታኮ አድርጊ፤ የጋለ ፍሬን ተጨምቆ ከቆየ ይበላሻል። ሄልሜትሽን ሳታወልቂ፣ ውኃ ሳትጠጪ፣ ከማንም ጋር ወሬ ሳትጀምሪ ጌጁን ያዢ። ጎማው ከቆመበት ደቂቃ ጀምሮ ቁጥሩ እየወረደ ነው፤ አስር ደቂቃ ቆይተሽ የለካሽው የትራኩን ቁጥር አይነግርሽም። ግራ ፊት፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ኋላ፤ ሁልጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል። መጀመሪያ አራቱንም ጻፊ፣ ማስተንፈሱ ከዚያ በኋላ ነው። እያስተነፈስሽ ከጻፍሽ ምን ያህል እንደጨመረ የሚነግርሽን ቁጥር ታጠፊዋለሽ።

በምሳሌ ላሳይሽ። ጠዋት አየሩ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አራቱም ጎማ 32 ነበር እንበል። ገብተሽ ስትለኪ ግራ ፊት 40፣ ቀኝ ፊት 38 ተኩል፣ ግራ ኋላ 36፣ ቀኝ ኋላ 35 አገኘሽ። ሁለቱን የፊት ጎማ ወደ 36 አውርጂ፤ የኋላዎቹን አትንኪ። የቫልቩን መርፌ በጌጁ ጫፍ ጫን ስታደርጊው ጭስ የምትል አጭር ድምፅ ትሰሚያለሽ፤ አንዴ ጫን፣ ከዚያ ለኪ፣ እንደገና ጫን። ጌጅሽ የራሱ ማስተንፈሻ ቁልፍ ካለው ሥራው ይቀልልሻል። በሚቀጥለው ሴሽን ፀሐዩ ይወጣል፣ አስፋልቱ ይሞቃል፣ አንቺም ትፈጥኛለሽ፤ ስለዚህ እንደገና 37 ወይም 38 ሆኖ ቢመጣ አይግረምሽ፣ መልሰሽ ወደ 36 አውርጂው። ከሰዓት በኋላ ላይ ቁጥሩ እየተረጋጋ ይመጣል። ሲቀዘቅዙ የግራው ፊት ከቀኙ ያነሰ እንደሚያነብ አስቀድመሽ እወቂ፤ ሲግሉ እኩል እንዲሆኑ ሲቀዘቅዙ እኩል መሆን የለባቸውም።

ቁጥር ብቻውን አይበቃም፣ ጎማውን ራሱን ማየት አለብሽ። ያን ጠመኔ ስጪኝ። እዚህ ጋ፣ የጎማው ጥርስና ጎን የሚገናኙበት ትከሻ ላይ፣ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት ትታይሻለች? ጣትሽን አሂጂባት፣ ከፍ ብላ ትሰማሻለች። በእሷ ላይ አድርጌ ከጥርሱ ጫፍ ወደ ጎኑ ጠመኔውን አንድ ጊዜ እስባለሁ። ነገ ስትወጪ ከፊቱ ሁለት ቦታ፣ ከኋላው ሁለት ቦታ እንዲህ አስምሪ። ስትመለሺ ጠመኔው የት ድረስ እንደጠፋ እዪ። የሦስት ማዕዘኗ ጫፍ አካባቢ ድረስ ከጠፋ ጎማው ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው። ጫፏን አልፎ ወደ ጎኑ ከወረደ ጎማው እየተገለበጠ ነው የሚዞረው፤ 2 ፒኤስአይ ጨምሪ። ጥርሱ ጫፍ ላይ ብቻ ቀርቶ ሦስት ማዕዘኗ ነጭ እንደሆነች ከተመለሰች ወይ ንፋሱ በዝቷል፣ ወይ ገና ጠንክረሽ አልነዳሽም። በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ነው የሚሆነው፤ ጠመኔው እንዲጠፋልሽ ብለሽ አትፍጠኚ፣ አደራ።

በመርፌ የሚወጋ ቴርሞሜትር ያለው ጎረቤት ካገኘሽ ለምኚውና የጎማውን ውስጥ፣ መሃልና ውጭ ለኪ። መሃሉ ከሁለቱ ዳር ከበለጠ ንፋሱ በዝቷል፤ ሁለቱ ዳር ከመሃሉ ከበለጡ አንሷል። አንዱ ዳር ብቻ በጣም ከጋለ የጎማው አቋቋም ነው፣ በንፋስ አታስተካክዪውም። በጨረር የሚለካው ሽጉጥ መሳዩ የላዩን ቆዳ ብቻ ስለሚያይ፣ ቆዳውም ፒት እስክትደርሺ ስለሚቀዘቅዝ፣ እኔ ብዙ አላምነውም።

አሁን ደግሞ «የፊት ጎማ የሚጎትተው መኪና ማዞሪያ ላይ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የኋላውን ንፋስ ከፍ አድርጊና ኋላው ይዙርልሽ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ነገሩ ውሸት አይደለም፣ የሚያውቁ ሰዎች ያደርጉታል። አንቺ ግን ዘንድሮ እንዳትሞክሪው። ያ ማለት የኋላውን ጎማ ሆን ብለሽ እንዲከዳ ማዘጋጀት ነው፤ ሲከዳ መያዝ የምትችለው ብዙ የነዳች ናት። የፊቱ ከገፋብሽ ቀደም ብለሽ ፍሬን ያዢ፣ መሪውን ቀስ ብለሽ አዙሪ፣ ነዳጁን ዘግየት አድርጊ። ጎማው ከሚችለው በላይ ስለተጠየቀ ነው የሚገፋው።

ጋሼ ደግሞ ታክሲ በነዳባቸው ዓመታት የተማረውን ይነግርሻል፦ ጎማ ጠንከር ሲል ነዳጅ ይቆጥባል። ለዲሲ ጎዳና ልክ ነው፣ ጠንካራ ጎማ ሲንከባለል ብዙ አይጎብጥም። ነገ የምንፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው። ናይትሮጅን አስሞዪ የሚልሽም አለ። የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ደረቅ አየርና ናይትሮጅን ሲሞቁ አንድ ዓይነት ነው የሚጨምሩት። የሚለየው እርጥበቱ ነው፤ ታንኩ ውስጥ ውኃ ያጠራቀመ ኮምፕረሰር ጎማሽ ውስጥ እንፋሎት ይከትብሻል፣ ቁጥሩም ከሒሳቡ ያፈነግጣል። ገንዘብሽን ናይትሮጅን ላይ አታጥፊው።

ዝናብ ከመጣ ነገሩ ይለወጣል። ሰው «ለዝናብ ንፋስ ቀንሺ» ሲል ትሰሚያለሽ፤ የቆመ ውኃ ባለበት እኔ አልስማማም። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ሃምፕተን ያለው የናሳ ላንግሊ ማዕከል በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ጎማ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት ከግፊቱ ጋር የሚያያይዝ ቀመር አውጥቷል፤ የግፊቱ ስኩዌር ሩት በ9 ሲባዛ ፍጥነቱን በኖት ይሰጣል። በ36 ፒኤስአይ ይህ ወደ ማይል ሲለወጥ 62 ማይል በሰዓት ገደማ ነው፤ በ25 ግን 52 ብቻ። ቀመሩ ለአውሮፕላን ጎማ የተሠራ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ለሲቪክ አትውሰጂው፤ የጥርሱ ጥልቀትና የውኃው መጠን ብዙ ይለውጠዋል። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ ንፋስ ሲያንስ መንሳፈፉ ይቀድማል። በዚያ ላይ ዝናብ ጎማውን ስለሚያቀዘቅዘው የምትጠብቂውን ጭማሪ አታገኚም። ስለዚህ ሲዘንብ ከ32 ሳይሆን ከ34 ወይም 35 ተነሺ።

ይህን ሁሉ በትንሽ ደብተር ጻፊው። የአየሩን ሙቀት፣ ፀሐይ ይሁን ደመና፣ ስትወጪ የነበረውን አራት ቁጥር፣ ስትገቢ ያገኘሽውን አራት ቁጥር፣ ያስተነፈስሽውን፣ መኪናው ምን እንደተሰማሽ በአንድ መስመር። «ከአራተኛ ዙር በኋላ ተንሸራተተ» በቂ ነው። በስልክሽ ፎቶ እያነሳሽ እተወዋለሁ አትበዪ፤ ማታ ላይ የትኛው ፎቶ የየትኛው ጎማ እንደሆነ ይጠፋብሻል። ሁለተኛ ጊዜ ስትሄጂ ደብተሩን ትከፍቺና አየሩን አይተሽ የጠዋቱን ቁጥር ማንንም ሳትጠይቂ ትሞያለሽ።

አሁን በጣም ወደማስብበት ልምጣ፤ የመመለሻው መንገድ። ቀኑን ሙሉ ስታስተነፍሺ ውለሻል። ጎማው ሲግል 36 ያነባል፣ ደህና ይመስላል። ተነገ ወዲያ ጠዋት 12 ዲግሪ ላይ ሲቀዘቅዝ ግን የግራው ፊት 27 አካባቢ ይሆናል፣ በሩ ላይ ደግሞ 35 ነው የተጻፈው። «መብራቱ ይነግረኛል» እንዳትዪ። ያ ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው የጎማ መብራት የሚበራው ከተለጣፊው ቁጥር ሩብ ያህል ሲጎድል ነው። የ35 ሩብ ሲቀነስ 26 ገደማ ነው፤ አንቺ በ27 ስትሄጂ መብራቱ ጸጥ ይላል።

መብራቱ ራሱ የመጣው በብዙ ሰው ሕይወት ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ኦገስት ላይ ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማ ከገበያ ሰበሰበ፤ ብዙው ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠመ ነበር። ጥርሱ ከጎማው አካል እየተገሸለጠ፣ መኪናው ሀይዌይ ላይ እየተገለበጠ ሰው ሞቷል። ፎርድ ለመኪናው የመከረው 26 ፒኤስአይ ነበር፣ ፋየርስቶን ደግሞ 30 ይሁን አለ። የጎማው አሠራር ችግር እንዳለ ሆኖ፣ ሙቀት፣ ጭነትና የንፋስ ማነስ ሲገናኙ ነው የከፋው። ኮንግረስ በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ፤ ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮም እያንዳንዱ አዲስ ቀላል መኪና ይህን መብራት እንዲይዝ ተደረገ። ንፋሱ ባነሰ ጎማ ከሁለት ሰዓት በታች ሀይዌይ መንዳት ምንም አይደለም የሚልሽን ሰው አትስሚ፤ ቀኑን ሙሉ የተቃጠለ ጎማ ነው፣ አንቺም ደክሞሻል።

ስለዚህ ኮምፕረሰሩን መኪናው ውስጥ አሁን አስገቢው፣ የሚሰካበት ሶኬት መሥራቱንም ዛሬ ሞክሪው። ነገ ስትጨርሺ፣ ዕቃሽን ከመጫንሽ በፊት፣ ጎማው ገና ሞቅ እያለ ከሆነ አራቱንም 38 አድርጊ፤ ሞቆ 35 ብታደርጊው ሲቀዘቅዝ ይጎድላል። በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ከመውጣትሽ በፊት ፓርኪንጉ ውስጥ በቀዝቃዛው ለክተሽ ልክ 35 ላይ አስተካክዪው። ትራክ ላይ ጎማ አውልቀሽ ከነበረም ዳዶዎቹን በቶርክ ሬንች ደግመሽ አጥብቂ።

ከፓዶኩ፣ መኪናሽን ካቆምሽበት ቦታ፣ ከመውጣትሽ በፊት የመጨረሻው ነገር። መሪውን እስከ ጫፍ ወደ ግራ አዙሪና ወርደሽ የፊት ጎማዎቹን ትከሻ በእጅ ባትሪ እዪ፤ ቀጥሎ ወደ ቀኝ አዙሪና ድገሚው። መዳፍሽን ቀስ ብለሽ አሂጂበት፤ ሻካራ መሆኑ፣ ላስቲኩ ተጠቅልሎ ጥቃቅን ፍርፋሪ መሥራቱ ምንም አይደለም። የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም ክሩ ብቅ ያለ ነገር ካየሽ ግን በዚያ ጎማ ሀይዌይ አትውጪ። ደውዪልኝ፤ ስንት ሰዓትም ቢሆን መጥቼ እወስድሻለሁ።